እማማና ጎልድዋተር፦ በ35 ዶላር የገዛሁት የኦዲዮ ኮርስ

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁ። 34 ዶላር ከ95 ሳንቲም። 24 ትምህርት አለው፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ነው። ርዕሱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወግ አጥባቂነት በአሜሪካ እንዴት እንደገነነ ነው። የሸጠልኝን ኩባንያ ስም አልጠራም። የገንዘብ ጉዳያችን ገና አላለቀም፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የገዛሁት መንገዴ ረጅም ስለሆነ ነው። የምኖረው ኢንግልዉድ ነው፣ የምሠራው ደግሞ ኦሬንጅ ካውንቲ፣ ጋርደን ግሮቭ። አንዲት የ86 ዓመት እናት በቤታቸው እንከባከባለሁ። 405 ፍሪዌይን ይዤ ወደ ደቡብ እወርዳለሁ፣ ከዚያ በ22 ወደ ምሥራቅ። መንገዱ ሲቀና አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሲዘጋ እሱ ያውቃል። ሙዚቃው ሰለቸኝ። የዘመድ ስልክም ሰለቸኝ፣ ይቅር በሉኝና።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አጎቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለ። ከሥሩ የሮናልድ ሬገን ፎቶ ተሰቅሏል። አጎቴ ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ሎስ አንጀለስ የገባው በ1983 ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። «አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታውቂም። ደርግን ፊት ለፊት ክፉ ነህ ያለው እሱ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ የምሠራባቸው ቤቶች ውስጥ የሬገን ስም ሲነሳ ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች አይቻለሁ፣ በተለይ ጥቁር አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦቼ። ይህ ሰው ከየት መጣ? ከሱ በፊትስ ማን ነበረ? ይህን ማወቅ ፈለግሁ።

አስተማሪው በአንድ የምሥራቅ ጠረፍ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያስተማሩ ፕሮፌሰር ናቸው። ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ አይቸኩሉም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ በየትምህርቱ መጀመሪያ የሚነፋው መለከት ነው። ሃያ ሰከንድ ያህል ይነፋል። ከጠዋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መለከት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የመጀመሪያዎቹ አምስት ትምህርቶች በደንብ ተሠርተዋል። ነገሩ የሚጀምረው ከሽንፈት ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ ተመርጧል፣ ሪፐብሊካኖች ሃያ ዓመት ሙሉ ከዋይት ሀውስ ውጭ ቆይተዋል። በ1952 የኦሃዮው ሴናተር ሮበርት ታፍት «አሁንስ የኔ ተራ ነው» ባለበት ሰዓት ፓርቲው ጄኔራል አይዘንሃወርን መረጠ። ለወግ አጥባቂዎቹ ይህ ከዴሞክራቶች ድል ይልቅ አንገበገባቸው። የገዛ ቤታቸው ሰው ሩዝቬልት የዘረጋውን ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ የጡረታ ዋስትናውን፣ ያፈርስልናል ሲሉ ጭራሽ አሰፋው። መካሪውም አዳማጩም ያጣ ወገን ነበር። ፕሮፌሰሩ ይህን ብስጭት በደንብ ያሰሙናል።

ከዚያ ዊልያም ባክሊ ይመጣል። በ1955 «ናሽናል ሪቪው» የተባለውን መጽሔት ሲመሠርት ዕድሜው 29 ነበር። የነዳጅ ባለሀብት ልጅ ነው፣ የዬል ምሩቅ፣ አንደበቱ የተባ። ሦስት የማይዋደዱ ወገኖችን በአንድ መጽሔት አስቀመጣቸው፦ መንግሥት ከገበያ እጁን ያውጣ የሚሉትን፣ ሃይማኖትና ወግ ይጠበቅ የሚሉትን፣ ኮሚኒዝም ይደምሰስ የሚሉትን። ኮሚኒዝምን መጥላቱ ሦስቱን አስተሳሰራቸው። ፕሮፌሰሩ ባክሊን ይወዱታል፣ ሦስት ትምህርት ሙሉ ሰጥተውታል። ለኔ በዛ።

ግን አልሸፋፈኑለትም፣ ይህን ልመስክር። በ1957 መጽሔቱ ያወጣውን ርዕሰ አንቀጽ ይተርካሉ። የደቡብ ነጮች በቁጥር አናሳ በሆኑበት አካባቢ እንኳ የበላይ ሆነው መቆየት ይገባቸዋል፣ ለጊዜው የሠለጠኑት እነሱ ናቸውና፣ ይላል ጽሑፉ። ባክሊ በስተርጅና ተጸጽቷል፣ ይህንንም ይነግሩናል። እኔ ግን ድምፁን ዘግቼ ሁለት መውጫ ያህል ዝም ብዬ ነዳሁ።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። የምንከባከባቸውን እናት እማማ ነው የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። አንድ ቀን ቤታቸው ገብቼ ስልኬን ሳላጠፋ ኪሴ ውስጥ ፕሮፌሰሩ ሲናገሩ ሰሟቸው። «ማነው እሱ ስለ ጎልድዋተር የሚያወራው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ድምፁን ጨምሪው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮርሱን የምሰማው ብቻዬን አይደለም። በጠዋቱ መንገድ ላይ አንዴ እሰማለሁ፣ ከቁርስ በኋላ ከሳቸው ጋር እደግመዋለሁ። ስለዚህ ይህ ግምገማ የሁለት ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1964 እማማ የ25 ዓመት ወጣት እናት ነበሩ። እዚሁ ቤት ውስጥ። ለፕሬዚዳንትነት ለተወዳደረው የአሪዞና ሴናተር ለባሪ ጎልድዋተር በር ለበር የቀሰቀሱ ናቸው! እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጸጉራቸውን ሳበጥር፣ መድኃኒታቸውን ስቆጥር፣ አንድ ቀን አልነገሩኝም። ጠይቄያቸውም አላውቅ።

ፕሮፌሰሩ የካሊፎርኒያውን የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ በአራት ደቂቃ ጨርሰውታል። ሰኔ 2 ቀን 1964 ጎልድዋተር የኒው ዮርኩን አገረ ገዥ ኔልሰን ሮክፌለርን በጠባብ ልዩነት፣ ከ51 በመቶ ጥቂት ከፍ ባለ ድምፅ አሸነፈ። የደቡብ ካሊፎርኒያ በጎ ፈቃደኞች ወሳኝ ነበሩ። አለቀ፣ ወደሚቀጥለው። እማማ ሳቁ። «በጎ ፈቃደኞች ይለናል። እኛ እኮ ነን» አሉ።

ከዚያ ያወሩኝ ከትምህርቱ ይበልጥ ነበር። ሥራው የሚጀምረው ቡና በመጠራራት ነው። ጠዋት ባሎች ሥራ፣ ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ አንዷ ጎረቤቶቿን ትጠራለች። ቡናና ኬክ ይቀርባል። አንዷ ስለ ኮሚኒዝም ያነበበችውን ታወራለች፣ ሌላዋ የትምህርት ቤቱን መማሪያ መጽሐፍ ይዛ መጥታ «ልጆቻችንን ምን እያስተማሩልን ነው?» ትላለች። ከዚያ የሰፈሩ ቤቶች ዝርዝር ይከፋፈላል። አንቺ ይህን መንገድ፣ አንቺ ያኛውን። እማማ የደረሳቸውን ጎዳና ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ ሦስት ጊዜ ዞሩት። ሮክፌለር ሚስቱን ፈትቶ ሌላ አግብቶ ነበር። ከምርጫው ሦስት ቀን በፊት አዲሷ ሚስት ወለደች። «ያን ሳምንት ብዙ መናገር አላስፈለገንም። 'ሕፃኑን ሰማሽ?' ማለት ይበቃ ነበር» አሉኝ፣ አሁንም እየሳቁ።

እኔ ይህን ስሰማ ያሰብኩት የናቴን ቤት ነው። ሦስት ሲኒ ጠጥተው ሳይነሱ የሰፈር ጉዳይ የሚቆርጡ ሴቶች መካከል ነው ያደግሁት። የቡና ጉልበት ለኔ አዲስ አይደለም። ለፕሮፌሰሩ ግን አዲስ ሳይሆን አይቀርም። ከ24 ትምህርት ለሴቶች የሰጡት አንድ ነው፣ 17ኛው። እሱም ስለ ፊሊስ ሽላፍሊ።

17ኛው በራሱ ግሩም ነው፣ አልካድም። ሽላፍሊ የኢሊኖይ ሴት ናት፣ የስድስት ልጆች እናት። በ1972 ኮንግረስ የወንድና የሴትን እኩልነት በሕገ መንግሥቱ ለማስፈር የቀረበውን ማሻሻያ አጸደቀ። እንዲጸና 38 ክፍለ ግዛቶች መቀበል ነበረባቸው። አብዛኞቹ ቶሎ ቶሎ ተቀበሉት፣ ያለቀ ነገር ይመስል ነበር። እሷ ተነሳች። ሴት ልጆች ለውትድርና ይመለመላሉ፣ የቤት እመቤት ከባሏ የምታገኘው ጥበቃ ይቀራል እያለች ሴቶችን አደራጀች። ደጋፊዎቿ ቤት የጋገሩትን ዳቦ ይዘው የሕግ አውጪዎቹ ቢሮ ይገቡ ነበር። 35 ላይ ቆመ። በ1982 ቀነ ገደቡ አለፈ። ፕሮፌሰሩ ግን ይህን የአንዲት ብልህ ሴት ጀብዱ አድርገው ያቀርቡታል። ያን ሁሉ ዳቦ ማን ጋገረው? ሴቶቹ እኮ ከስምንት ዓመት በፊት የየጎዳናውን ዝርዝር ተከፋፍለው የለመዱ ናቸው። እማማ ራሳቸው ለካሊፎርኒያ ተወካያቸው ደብዳቤ ጽፈዋል። «የሚገርመው እኔ አሁን ብሆን ማሻሻያውን እደግፍ ይሆናል» አሉና ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈሩ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ኮርሱ እዚህም ያነክሳል። ኦሬንጅ ካውንቲ በ1950 ወደ 216 ሺህ ሰው ነበረው። በ1970 ከ1 ሚሊዮን 400 ሺህ አልፏል። የብርቱካን እርሻው ተመንጥሮ ቤት ተሠራበት። ሰውን ያመጣው የመከላከያ ገንዘብ ነው፦ የኤል ቶሮ የባሕር ኃይል ወታደሮች አየር ማረፊያ፣ የሚሳይልና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች። ቤቱን ያስገዛው መንግሥት ዋስ የሆነለት ብድር ነው። ፍሪዌዩንም መንግሥት ነው የሠራው። ታዲያ የመንግሥትን እጅ አጥብቆ የሚያወግዘው ሰፈር እንዴት ይህ ሆነ? ፕሮፌሰሩ ጥያቄውን አነሱና ጥለውት ሄዱ። እማማን ጠየቅኋቸው። ባላቸው መሐንዲስ ነበሩ፣ ደመወዛቸው ከፔንታጎን ውል ይመጣ ነበር። «ያ ደመወዝ ነው፣ ድጎማ አይደለም። ሠርቶ ነው ያመጣው» አሉኝ፣ ቆጣ ብለው። መልሱ አላሳመነኝም። ከፕሮፌሰሩ ዝምታ ግን ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ጎረቤታቸው ኮሚኒዝምን አጥብቆ የሚቃወመው የጆን በርች ማኅበር አባል ነበረች። ማኅበሩን በ1958 የመሠረተው ሮበርት ዌልች የከረሜላ ነጋዴ ነበር። ይህ ሰው አይዘንሃወርን ራሱን የኮሚኒስቶች ሰው ነው እስከማለት ደርሷል። እማማ አንድ ምሽት ተጋብዘው ሄደው ነበር። «ይህን ሲሉ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ታላቅ ወንድሜ ኖርማንዲ የወረደው በአይዘንሃወር ትእዛዝ ነው» አሉኝ። 7ኛው ትምህርት ይህን ማኅበር ጥሩ አድርጎ ይገልጸዋል። ባክሊ በ1962 ዌልችን በመጽሔቱ እንዴት እንዳወገዘው፣ ተራ አባላቱን ግን ላለማስቀየም እንዴት እንደተጠነቀቀ ጭምር።

ጎልድዋተር በኅዳር ተዘረረ። ፕሬዚዳንቱን ከሚወስነው፣ በየክፍለ ግዛቱ ከሚቆጠረው የመራጮች ድምፅ 52 አገኘ፣ ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን 486። ያሸነፈው የራሱን አሪዞናንና አምስት የጥልቁ ደቡብ ክፍለ ግዛቶችን ብቻ ነው። የሲቪል መብቶችን ሕግ በሴኔት ተቃውሞ ድምፅ ስለሰጠ ደቡብ ወደደው። ጋዜጦቹ ነገሩ አከተመ ብለው ነበር። የኮርሱ ምርጥ ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው፣ ማለትም 11ኛው ትምህርት። ሪቻርድ ቪጌሪ የሚባል ወጣት በ1965 ዋሽንግተን ወደሚገኘው የተወካዮች ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ለጎልድዋተር 50 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጡ ሰዎች ስም በሕግ እዚያ ተመዝግቧል። ቁጭ ብሎ በእጁ ይገለብጣል። ሲደክመው ረዳቶች ይቀጥራል። ከ12 ሺህ በላይ ስምና አድራሻ ሰበሰበ። ከዚያ ደብዳቤ መላክ ጀመረ፣ እየቆየም ሚሊዮኖች ደረሰ። ቴሌቪዥኑና ትልልቆቹ ጋዜጦች የነሱ አልነበሩም፣ የፖስታ ሳጥኑ ግን የነሱ ሆነ። የዕድር መዝገብ የያዘ ሰው ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያውቅ ይህን ትምህርት ይወደዋል።

እማማ ያን ደብዳቤ ያስታውሱታል። «ስሜን ጠርቶ ነው የሚጽፍልኝ» አሉ። አሥር ዶላር ልከዋል፣ ከአንዴም ሁለት ሦስቴ።

አሁን ስለማይቀረው ነገር። በዚያው በ1964፣ በዚያው የኅዳር ምርጫ፣ ካሊፎርኒያውያን ፕሮፖዚሽን 14 በተባለ የሕዝብ ውሳኔ ላይ ድምፅ ሰጥተዋል። ክፍለ ግዛቱ ከአንድ ዓመት በፊት ቤት አከራይና ሻጭ በዘር እንዳይለይ የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር። ፕሮፖዚሽኑ ያን ሻረው፣ ወደ 65 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ። ልብ በሉ፣ ይህው መራጭ ነው ጆንሰንን የመረጠው። ሳንታ አና ውስጥ፣ ከእማማ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ አፓርታማ የተከለከሉ ጥቁር ባልና ሚስት ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1967 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፕሮፖዚሽኑ ወደቀ። ፕሮፌሰሩ ስለ አላባማው አገረ ገዥ ስለ ጆርጅ ዋላስና ስለ ደቡብ አንድ ሰዓት አውርተዋል። ስለዚህኛው ሁለት ደቂቃ። ነገሩ ሁሉ የአላባማ ኃጢአት እንዲመስል አደረጉት።

እማማን ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ክሬም እየቀባሁ ነበር። «በ14 ላይ ምን አሉ?» ዝም አሉ። መስኮቱን ተመለከቱ። «ያን ጊዜ ሁሉም የንብረት መብት ነው ይል ነበር» አሉ። ቆይተው «አዎ ብዬ ነበር» አሉ። እኔም ሌላውን እጃቸውን ቀባሁ። የዚያን ቀን ሌላ ትምህርት አልከፈትንም።

ከ18 በኋላ ኮርሱ ይፈጥናል። ስለ ግብር አመፁ ያለው ጥሩ ነው። በሰኔ 1978 ሃዋርድ ጃርቪስ የመሩት ፕሮፖዚሽን 13 ጸደቀ። የንብረት ግብርን በንብረቱ ዋጋ 1 በመቶ ገደበ፣ ዋጋውን ወደ 1975 መለሰ፣ ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር አደረገ። ይህ ታሪክ ብቻ አይደለም፣ ዛሬም አለ። የእማማ ቤት የዓመት ግብር ከኔ መኪና ኢንሹራንስ ያነሰ ነው። ከጎናቸው አምና የገዙት ወጣቶች ስንት እጥፍ እንደሚከፍሉ ሲነግሩኝ ጆሮዬን አላመንኩም። እማማ የጃርቪስ ነገር ሲነሳ የልጅ ፊት ያወጣሉ። «ያን ቀን ሻምፓኝ ከፈትን።»

ስለ ቄስ ጄሪ ፋልዌልና በ1979 ስላቋቋሙት የክርስቲያን ፖለቲካ ድርጅት፣ «ሞራል ማጆሪቲ»፣ ያለው ትምህርትም አይከፋም። ሰው የሚያወራው ሁሉ የጀመረው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥን በፈቀደበት በ1973ቱ ውሳኔ ነው እያለ ነው። ፕሮፌሰሩ ግን ሌላም ክር ያሳዩናል። የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ በ1971 ፅንስ ማቋረጥ በተወሰኑ ሁኔታዎች እንዲፈቀድ የሚል ውሳኔ አሳልፎ ነበር። በሌላ በኩል መንግሥት ዘር የሚለዩ የግል ትምህርት ቤቶችን ከግብር ነፃ መብት ሊነጥቅ ሲነሳ ብዙ ፓስተሮች ተቆጥተዋል። የትኛው ይበልጥ እንደገፋቸው አድማጩ እንዲፈርድ ትተውታል። እንዲህ ሲያደርጉ ነው የምወዳቸው።

ሬገን 22ኛው ላይ ይደርሳል። ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ከ1954 እስከ 1962 ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞረ ንግግር ያደርግ እንደነበር፣ በጥቅምት 1964 ለጎልድዋተር በቴሌቪዥን የተናገረው ንግግር እንዴት እንዳወጣው፣ በ1966 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሆኖ እንዴት እንደተመረጠ። በ1980 በ489 የመራጮች ድምፅ ካርተርን ጣለ። ይህን ለአጎቴ በስልክ አጫወትኩለት። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ «ስለ ደርግ አንድ ቃል አልተናገረም እኮ» አለ። «አንተን ያስገባህን የስደተኞች ሕግ በመጋቢት 1980 የፈረመው ደግሞ ካርተር ነው» አልኩት። «እንዲያ ነው?» አለና ዘጋው። ፎቶው እስካሁን አልወረደም። ወደ ሥራዬ ስሄድ ዌስትሚኒስተር ውስጥ የማልፈው የቬትናሞች ሰፈር፣ ሊትል ሳይጎን፣ እንደ አጎቴ ባሉ ሽማግሌዎች የተሞላ ነው። ኮርሱ ስለነሱም አንድ ቃል የለውም።

አሁን ገንዘቡ። አፑ ስልክ ሲደወል ትምህርቱን ያቋርጥና ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ መለከቱን ጨምሮ። 14 እና 15 ተቀያይረዋል፣ ኒክሰን በ1968 ሳይመረጥ የ1969ኙን «ዝምተኛው ብዙኃን» ንግግር ያደርጋል። 20ኛው ግማሹ ላይ ይቆማል። ገንዘቤን መልሱ ብዬ ጻፍኩ። የመለሰልኝ ማሽን ነው፣ «ጥያቄዎ ለኛ አስፈላጊ ነው» ብሎ። ስድስት ሳምንት ሆነው። ቢያንስ 20ኛውን አስተካክሉልኝ ብያለሁ።

ግዙት ወይ? ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው፣ በቅናሽ ሲገኝ፣ አዎ። ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጣለሁ። እማማ ሁለት ነው የሚሉት። 24ኛውን ገና አልሰማነውም። ዛሬ ጠዋት ልከፍተው ስል «ተይው፣ የደብዳቤውን ልጅ አምጪልኝ» አሉ። 11ኛውን ለአራተኛ ጊዜ ከፈትኩ። መለከቱ እስኪያልቅ ቡናቸውን ቀዳሁ።